አፍርሶ መሥራት ወይስ አድሶ መቀጠል?

አንድ ሰው ከአባቱ የወረሰው የጭቃ ቤት ሲያረጅበት ከሁለት ነገሮች አንዱን ማድረግ ይችላል። ጣራው ካፈሰሰ ቆርቆሮውን ይለውጣል፤ ግድግዳው ከተሰነጠቀ ጭቃ ያስመርጋል፤ ምሰሶው ከበሰበሰ ሌላ ያስገባል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዕቃው ከቤቱ አይወጣም፤ ቤተ ሰቡም ከጓዳው አይሰደድም። ወይም ደግሞ ቤቱን ከነመሠረቱ አፍርሶ፣ ቦታውን ጠርጎ አዲስ ይሠራል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን በመጨረሻው የሚኖርበት ቤት ያገኛል፤ ነገር ግን ወጪያቸው፣ ድካማቸውና አደጋቸው እጅግ የተለያየ ነው።

ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይ ግን የጭቃ ቤትን ሳይሆን በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይና በየተማሪው ቦርሳ ውስጥ ያለውን ኮምፒዩተር የሚመለከት ነው። ኮምፒዩተር ሲበራ የሚነቃ፣ ማያውን፣ የፊደል ገበታውን፣ የማተሚያ መሣሪያውንና የመረጃ ማኖሪያውን የሚያስተዳድር፣ ለሌሎቹም ፕሮግራሞች ሁሉ ሥራ የሚያከፋፍል አንድ ዋና ፕሮግራም አለ። ስሙም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል። በየመሥሪያ ቤታችን እጅግ የተለመደው ዊንዶውስ የሚባለው የማይክሮሶፍት ሥራ ነው። ይህም ዋና ፕሮግራም እንደ ቤት ያረጃል፤ ጊዜው ሲደርስም መታደስ ወይም መፍረስ ይኖርበታል።

ነገሩን አሁን እንድናነሣ ያደረገን ምክንያት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 10 አሥር ዓመት ካገለገለ በኋላ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ተቋርጧል። ይህ ማለት በዚያ ቀን ኮምፒዩተሮቹ ሥራቸውን አቆሙ ማለት አይደለም። ነገር ግን የመረጃ ሌቦች አዲስ ቀዳዳ ባገኙ ቁጥር ቀዳዳውን ይደፍን የነበረው ወርኃዊ ጥገና፣ ለተጨማሪ ጊዜ ድጋፍ ከተመዘገቡት በቀር ለሌሎቹ መምጣቱን አቁሟል። ስለዚህም ብዙዎች ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ያስባሉ። ወዲያውም አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ ይኸውም «በነበረው ላይ ልጫነው ወይስ ፎርማት ላስደርገው?» የሚለው ነው።

ሁለቱ መንገዶች

በነበረው ላይ መጫን፣ ባለ ሙያዎቹ አፕግሬድ የሚሉት፣ ከማደስ ጋር የሚመሳሰል ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ከመግባቱ በፊት መሣሪያው ይችለው እንደ ሆነ ይመረምራል፤ አሮጌውን ዊንዶውስ «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ጠቅልሎ ያስቀምጣል፤ አዲሱን ያነጥፋል፤ ከዚያም የባለቤቱን ሰነዶች፣ ፕሮግራሞችና ልዩ ልዩ ምርጫዎች አንድ በአንድ እያነሣ ወደ አዲሱ ያሸጋግራል። በዚህ መካከል ኮምፒዩተሩ ጥቂት ጊዜ እየጠፋ ይነሣል። መንገድ ላይ እንቅፋት ከገጠመው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሥራው ከተፈጸመ በኋላም ባለቤቱ አዲሱን ካልወደደው፣ ያ ፎልደር እስካልተደመሰሰ ድረስ፣ በ10 ቀን ውስጥ ወደ አሮጌው ሊመለስ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ በከተማችን ሰው ሁሉ «ፎርማት ማድረግ» የሚለው ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ይዘጋጃል፤ ኮምፒዩተሩም ከዚያ ፍላሽ እንዲነሣ ይደረጋል፤ አሮጌው የነበረበት ክፍል ይደመሰሳል፤ በባዶው ቦታ ላይ አዲሱ ይጫናል። ደኅና መሣሪያ ከሆነ ጭነቱ ራሱ አንድ ሰዓት ላይሞላ ይችላል። ሰውን የሚያደክመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የማተሚያውን ድራይቨር መፈለግ፣ የሒሳቡን ፕሮግራም መልሶ መጫን፣ የጠፋውን የይለፍ ቃል ማስታወስ፣ ሰነዱን ከተቀመጠበት መመለስ፣ ይህ ሁሉ አንድ ሙሉ ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንት ይፈጃል።

በሁለቱ መካከል ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሦስተኛ መንገድ አለ። ዊንዶውስ በነበረው ላይ ሲጫን «ሰነዶቼንና ፕሮግራሞቼን ጠብቅልኝ»፣ «ሰነዶቼን ብቻ ጠብቅልኝ»፣ ወይም «ምንም አትጠብቅ» የሚሉ ሦስት ምርጫዎችን ያቀርባል። መካከለኛውን የመረጠ ሰው ፕሮግራሞቹን ሁሉ ያጣል፤ ደብዳቤዎቹንና ፎቶግራፎቹን ግን ያተርፋል። ይሁን እንጂ ይህ ምርጫ ሰነዱን ሌላ ቦታ መገልበጥን የሚያስቀር ሆኖ እንዳይታሰብ እንመክራለን።

ፎርማትን ያስወደደን ምንድን ነው?

በእኛ ዕድሜ ያለ ወጣት፣ ይልቁንም ስለ ኮምፒዩተር ጥቂት ያወቀ ሰው፣ ሁልጊዜ ወደ ፎርማት እንደሚያደላ የታወቀ ነው። ለዚህም ታሪካዊ ምክንያት አለው። ቀድሞ ከአንዱ ዊንዶውስ ወደ ሌላው መሻገር እንደ ዛሬው ቀላል አልነበረም። ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ በዓለም ሁሉ እጅግ የተወደደ ነበር፤ በጥር ወር 1999 ዓ.ም. የተተካው ቪስታ ግን ብዙ ሰው ሳይወደው ቀረ። ጥቅምት 12 ቀን 2002 ዓ.ም. ዊንዶውስ 7 ሲወጣ፣ ቪስታን የያዘ ሰው በነበረው ላይ እንዲጭን ተፈቀደለት፤ ኤክስፒን የያዘው ግን ፕሮግራሞቹን ሁሉ እንደ አዲስ ካልጫነ በቀር በቀጥታ መሻገር አይችልም ነበር። ስለዚህ ያን ጊዜ የነበሩት ጠጋኞች ፎርማት ማድረግን የለመዱት ወደው ብቻ ሳይሆን ተገደውም ነው። ልማዱ ለእኛ ሲደርስ ምክንያቱ ቀርቶ ልማዱ ብቻ ደረሰን።

በ2007 ዓ.ም. ዊንዶውስ 10 ሲወጣ ግን ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ንና 8.1ን ለያዙ ሰዎች የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጥቶ ያለ ዋጋ እንዲሻገሩ አደረገ። መንገዱም በነበረው ላይ መጫን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሠሪው ራሱ ሰውን ሁሉ የሚጋብዘው ወደ ማደስ ነው። በሌሎች ኦፕሬቲንግ ሲስተሞችም እንደዚሁ ነው። ለምሳሌ ከሊኑክስ ወገን የሆነው ዴብያን በነበረው ላይ እየታደሰ ብዙ ዓመት እንዲኖር ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ሕግ አለው። ከአንዱ እትም ወደሚቀጥለው እንጂ አንዱን ዘልሎ ወደ ሦስተኛው መሄድ አይፈቀድም። ደረጃውን አንድ በአንድ መውጣት ግድ ነው።

ከታሪኩም በላይ ግን ሌላ ምክንያት ያለ ይመስለናል። መጥረግ ደስ ይላል። አዲስ ተመራቂ ወደ አሮጌ ቢሮ ሲገባ ያየውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ ገና ቢጀምር ይወድዳል። ይህ ስሜት ክፉ አይደለም፤ ሥራን የሚያነቃቃም እርሱ ነው። ነገር ግን ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል እኛ በራሳችን ላይ ደርሶ አይተነዋል።

ፊደሉ የጠፋበት ቀን

ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ በያዝንበት በመጀመሪያው ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ስሙን እዚህ መጥራት አያስፈልግም፣ የክፍሉ ጸሐፊ የሚሠሩበት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበር። እኛ ጸሐፊዋን «እትዬ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። ኮምፒዩተሩ ጧት ሲበራ እስኪነቃ ድረስ እትዬ ሻያቸውን ጠጥተው ይጨርሱ ነበር። እኛም ይህን ባየን ጊዜ ዕውቀታችንን ለማሳየት ቸኮልን። «እትዬ፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይስጡን፤ እንደ አዲስ እናደርግልዎታለን» አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት አሰቡና «የኔን ነገር ሁሉ አይተኸዋል?» ሲሉ ጠየቁ። እኛም «አይተነዋል» አልን።

በእውነቱም ያየነው ነበር። የዐሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና የሠራተኛ ማስረጃ የሞላበትን ፎልደር በሙሉ ገልብጠን አውጥተናል። ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ሳይቀር አልተውንም። ከዚያ በኋላ ፎርማት አደረግነው፤ ያን ጊዜ ገና ጊዜው ያላለፈውን ዊንዶውስ 10ን ጫንን፤ ሰነዱን መለስን፤ ማተሚያውንም ሞከርን። ኮምፒዩተሩ ፈጠነ። እኛም ደረታችንን ነፍተን ወደ ቤታችን ሄድን።

በማግስቱ ጧት እትዬ አስጠሩን። አንድ ደብዳቤ ከፍተው ማያውን ወደ እኛ አዞሩት። በአማርኛ ፊደል ፋንታ የላቲን ፊደል፣ ነጥብና ሰረዝ ተደበላልቆ ገጹን ሞልቶታል። ሌላ ከፈቱ፤ ያው ነው። ሦስተኛ ከፈቱ፤ ያው ነው። ቀና ብለው አዩንና ድምፃቸውን ሳያነሡ፣

«ልጄ፣ ፊደሉን የት አደረግኸው?» አሉ።

ምን እንደ ሆነ የገባን ዘግይቶ ነው። የአማርኛ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለውን የግእዝ ፎንት ይዞ መጥቷል። ከዚያ በፊት ግን በአገራችን ይሠራባቸው የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የራሳቸውን ብልኃት ፈጥረው ነበር። ይኸውም የላቲን ፊደላትን ቁጥር ተውሰው በላዩ ላይ የግእዝን ቅርጽ ማልበስ ነው። ልብሱ ፎንቱ ነው። ፎንቱ ያለበት ኮምፒዩተር «ሀ» ብሎ ያሳያል፤ ፎንቱ የሌለበት ግን ከሥር ያለውን የላቲን ምልክት ያሳያል። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ብዙ ቢሮዎች በለመዱት ቀጥለዋል፤ እትዬም ከእነርሱ አንዷ ነበሩ።

ፎንት ደግሞ የሚቀመጠው ከሰነድ ጋር አይደለም፤ በራሱ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ነው። እኛ ሰነዱን ሁሉ ስንገለብጥ የዊንዶውስን ፎልደር «ይህማ የሚጠፋው ነው» ብለን ተውነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው ያንኑ ኮምፒዩተር ከዊንዶውስ 7 ወደ 10 በነበረው ላይ አሻግሮት ነበር። ያን ጊዜ ፎንቱ ያለ ማንም ዕውቀት አብሮ ተሻግሯል። ስለዚህ ፎንት የሚባል ነገር መኖሩን የሚያስታውስ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ያን ሰሞን ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት በክፍሉ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ለጡረታቸው የሚያስፈልጋቸው የአገልግሎት ማስረጃ በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ካሉት ደብዳቤዎች በአንዱ ላይ ተመሥርቶ የሚጻፍ ነው። «ነገ ይመለሱ» ተባሉ። በነጋታው ተመልሰው መጡ፤ ዳግመኛም «ነገ» ተባሉ። በሦስተኛው ቀን እትዬ የመሳቢያቸውን ታች ሲበረብሩ በአሮጌ ፖስታ ውስጥ የታሸገ ሲዲ አገኙ። የእርሳቸው ኮምፒዩተር ሲዲ ማንበቢያው ስለ ተበላሸ ከሒሳብ ክፍል ሌላ ኮምፒዩተር ለምነን ፎንቱን አወጣን። ያን ጊዜ ፊደሉ ተመለሰ። አዛውንቱም ማስረጃቸውን ይዘው መርቀውን ሄዱ። ምርቃቱ ግን ለእኛ የሚገባ አልነበረም።

እትዬ በዚያን ቀን የነገሩንን አንረሳውም። «ከመጥረግህ በፊት ምን እንደምሠራ ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር» አሉን። በእውነቱም አልጠየቅናቸውም። የጠየቅነው ኮምፒዩተሩን ነው። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መመጠን ይበጅ ነበር።

የማደስም ነውር አለው

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲህ ፎርማት ክፉ ነው፤ ማደስ ይሻላል» ይል ይሆናል። እንደዚያ ብለን ብንፈርድ ሁለተኛ ስሕተት ይሆንብናል። ምክንያቱም ማደስም በበኩሉ እኛኑ አስለቅሶናል።

በዩኒቨርሲቲ ሳለን የምንገለገልበት ላፕቶፕ ከታላቅ ወንድማችን የተላለፈልን ነበር። ከእርሱ ጋር አምስት ዓመት ኖሯል። በየጊዜው የተጫኑ ጨዋታዎች፣ በግማሽ የተነቀሉ ፕሮግራሞች፣ ከየጓደኛው ፍላሽ የገቡ ቫይረሶች፣ ይህ ሁሉ ጉድ በውስጡ ተከማችቷል። እኛም የመመረቂያ ጽሑፋችን እንዳይጠፋብን ስለ ሰጋን ዊንዶውስ 11ን በነበረው ላይ ለመጫን ወሰንን። በመጀመሪያው ሌሊት እስከ እኩሌታ ሄዶ ቆመና ወደ ነበረበት ተመለሰ። ባዶ ቦታ ጎድሎት ነበር። ቦታ አስለቅቀን በሁለተኛው ሌሊት እንደ ገና ሞከርን፤ አሁንም ተመለሰ። በዚህ ጊዜ የከለከለው የአንድ አሮጌ ድራይቨር ርዝራዥ ነው። ሁለት ሌሊትና ለመግዛት ጥቂት ያልከፈልንበት የኢንተርኔት ፓኬጅ በከንቱ አለቀ። በሦስተኛው ቀን ጽሑፋችንን በሁለት ቦታ ገልብጠን ፎርማት አደረግነው፤ ከሰዓት በኋላም ሥራችንን ቀጠልን።

ማደስ ያለውን ሁሉ ይጠብቃል፤ ጥቅሙም ነውሩም ይኸው ነው። ደኅናውን ብቻ መርጦ አይጠብቅም። ምሥጥ የበላውን ምሰሶ በቀለም ቢሸፍኑት ምሥጡ አይወጣም። ቫይረስ የገባበትን ኮምፒዩተር በነበረው ላይ መጫን እንደዚሁ ነው።

ከሁለቱም መንገድ የማይገኝ ፈውስ መኖሩንም መናገር ይገባል። ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩ ሲዘገይ ወዲያው ፎርማት ያስደርጋል። ለአንድ ሳምንት የፈጠነ ይመስለዋል፤ ከዚያ በኋላ ያው ይሆናል። በሽታው ያለው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በማርጀቱ ወይም ራም በማነሱ ከሆነ አዲስ ዊንዶውስ አያድነውም። በእንዲህ ያለው ጊዜ ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው መለወጥ ከዐሥር ፎርማት ይበልጣል።

እንግዲህ እንዴት እንምረጥ?

ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያው አዲሱን ይችል እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የመረጃ ማኖሪያ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍልና ማይክሮሶፍት የተቀበለው ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ወገን ተቀባይነት ያገኙት ባብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ቲፒኤሙ እያለ ተዘግቶ ስለሚገኝ፣ የለም ብሎ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት ባለ ሙያ እንዲያየው ማድረግ ይገባል። መሣሪያው ጨርሶ የማይችል ከሆነ በጓሮ በር ከማስገባት ይልቅ፣ ሥራው የሚፈቅድ ከሆነ፣ እንደ ዴብያን ወይም ኡቡንቱ ያለውን የሊኑክስ ወገን ማሰብ ይሻላል።

መሣሪያው የሚችል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የእኛ አስተያየት የሚከተለው ነው።

ኮምፒዩተሩ ጤነኛ ከሆነ፣ ሥራው ለአንድ ቀን እንኳ መቆም የማይችል ከሆነ፣ ይልቁንም ደግሞ መጫኛቸው ወይም ቁልፋቸው የጠፋ ፕሮግራሞች ካሉበት በነበረው ላይ መጫን ይሻላል። የሒሳብ ሠራተኛ ከዐሥር ዓመት በፊት የተገዛ ፕሮግራም ይዞ፣ የሸጠው ድርጅትም ከተዘጋ፣ ፎርማት ማድረግ ያንን ፕሮግራም ለዘላለም መሰናበት ሊሆን ይችላል።

ቫይረስ ከገባ፣ ያለ ታወቀ ምክንያት እየደጋገመ የሚወድቅ ከሆነ፣ ከማይታወቅ ሰው የተገዛ ያገለገለ ኮምፒዩተር ከሆነ፣ ወይም ማደሱ ተሞክሮ ሁለት ጊዜ ከከሸፈ ግን አፍርሶ መሥራት ይሻላል። ምርጫ የሌለበትም ጊዜ አለ። ዊንዶውስ 11 የሚሠራው በ64 ቢት ብቻ ስለ ሆነ፣ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒዩተር በነበረው ላይ መሻገር አይችልም፤ ፎርማት ግድ ይሆንበታል።

ስለ ፈቃድ የሚሰጋ አንባቢ እንዳይጨነቅ እንነግረዋለን። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 በሕጋዊ ፈቃድ የሠራበት ኮምፒዩተር ፈቃዱ ከመሣሪያው ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ ያንኑ ዓይነት እትም መልሶ የጫነ ሰው ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ባብዛኛው ቁልፍ ሳይጠየቅ ይታወቅለታል። አዲሱን ዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት ከራሱ ማውረድ ሲቻል ከየመንገዱ በተገለበጠ ፍላሽ መጫን ግን፣ ቤቱን ለማደስ ሌባን ግንበኛ አድርጎ እንደ መቅጠር ነው።

ከሁለቱም በፊት የሚሠራ ሥራ

የትኛውንም መንገድ ብንመርጥ አስቀድሞ መሠራት ያለበት አንድ ነው።

መጀመሪያ፣ ባለቤቱን አጠገብ አስቀምጦ የአንድ ቀን ሥራውን እንዲሠራ መጠየቅና የሚከፍተውን ሁሉ በወረቀት መጻፍ ነው። የትኛውን ፕሮግራም ከፈተ? በየትኛው ፎንት ጻፈ? በየትኛው ማተሚያ አተመ? የይለፍ ቃሉን ራሱ ያውቀዋል ወይስ ብራውዘሩ ነው የሚያስታውስለት? ብዙ ሰው በቃሉ የሚያውቀው አንድ የይለፍ ቃል እንኳ የለም፤ ብራውዘሩ በተሰወረ ፎልደር ውስጥ ይዞለት ይኖራል። ያ ፎልደር ሲደመሰስ ትዝታውም አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ ሰነዱን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች መገልበጥ ነው። ከዚያም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ጥቂቶቹን ከፍቶ ማንበብ ይገባል። ያልተከፈተ ቅጂ ቅጂ አይባልም፤ እኛ የገለበጥነው ሰነድ ሙሉ ነበር፤ በሌላ ኮምፒዩተር ከፍተነው ቢሆን ኖሮ ግን የፊደሉን ነገር በዚያኑ ቀን በደረስንበት ነበር። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩ ሲ እና ዲ ተብሎ ለሁለት ስለ ተከፈለ «ፎርማት የሚሆነው ሲ ብቻ ነው፤ የኔ ሰነድ አይነካም» ይላል። ነገር ግን ዴስክቶፕ ላይ የሚታየውና «ዶክመንትስ» በሚባለው ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ባለቤቱ ካልለወጠው በቀር፣ የሚቀመጠው በዚያው በሲ ውስጥ ነው። ዓይን የሚያየው ቅርብ ስለ ሆነ የማይጠፋ ይመስላል፤ ከሁሉ በፊት የሚጠፋው ግን እርሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተሩ ቢትሎከር በሚባለው መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ጽፎ ከኮምፒዩተሩ ውጭ ማስቀመጥ ነው። ቁጥሩ በሌለበት ኮምፒዩተሩ ባለቤቱን ራሱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ደጅ ሊያስጠናው ይችላል።

አራተኛ፣ የመብራትንና የቀንን ነገር ማሰብ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፣ ሶኬቱም ይሰካ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው። መብራት በመካከል ቢሄድ ኮምፒዩተሩ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይሞክራል፤ ግን ሁልጊዜ ይሳካለታል ማለት አይደለም። ደመወዝ በሚሠራበት በወር መጨረሻ፣ ወይም ጽሑፍ በሚገባበት ዋዜማ ይህን ሥራ መጀመር ደግሞ የቸኮለ ሰው አፍሶ እንደሚለቅመው ያለ ነው።

ሥራው ካለቀም በኋላ መቸኮል አያስፈልግም። በነበረው ላይ የጫነ ሰው «ቦታ ያዘብኝ» ብሎ ዊንዶውስ ኦልድን ወዲያው እንዳይደመስስ፤ በተሰጠው 10 ቀን ውስጥ ያንን በወረቀት የጻፈውን ሁሉ አንድ በአንድ ይሞክር። ፎርማት ያደረገውም ቅጂውን ቢያንስ አንድ ወር ያቆይ። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት ሰነድ መጥፋቱ የሚታወቀው በሚፈለግበት ቀን ነውና።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንማረው፣ ጥያቄው በመጀመሪያ «ማፍረስ ወይስ ማደስ?» የሚል ሊሆን እንደማይገባው ነው። መጀመሪያ የሚመጣው «በዚህ ቤት ውስጥ ምን ይኖራል?» የሚለው ነው። ይህን ያወቀ ሰው ቢያፈርስም አይጎዳም፤ ምክንያቱም መልሶ የሚያስገባውን ያውቃል። ይህን ያላወቀ ሰው ግን ቢያፈርስ ደኅናውን ከክፉው ጋር ይጥላል፤ ቢያድስም ክፉውን ከደኅናው ጋር ያቆያል።

እኛ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ልማድ አበጅተናል። ማንም ሰው ኮምፒዩተሩን ይዞ «ፎርማት አድርጉልኝ» ሲለን ፍላሹን ከማውጣታችን በፊት ወረቀትና እርሳስ እናወጣለን። ከዚያም ወንበር ስበን አጠገቡ እንቀመጥና «እስቲ ትናንት የሠሩትን ሥራ ያሳዩን» እንለዋለን። ይህ ሥራ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። አንድ አዛውንት በአግዳሚ ላይ ሦስት ቀን ከሚቀመጡ ግን እኛ በወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት ብንቀመጥ እጅግ የተሻለ ነው።

እትዬ ዛሬም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ ልጅ መጥቶ አዲሱን ዊንዶውስ ሊጭንላቸው እንዳሰበ ሰምተናል። እርሳቸውም ከመሳቢያቸው ያንን ሲዲ አውጥተው በጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጡለት፣ «መጀመሪያ ይኼን ያዝልኝ» እንዳሉትም ነግረውናል።